የጭንቀት መለኪያ ሰዓት በጀበል ኩጁር

ጭንቀትን የሚከታተሉ የእጅ ሰዓቶች የሚለኩት ሐሳብን ሳይሆን የአካልን ምልክት ነው። አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ልከው ከሚመለሰው የልብ ምትን ይቆጥራሉ፤ አንዳንዶቹ በላብ ምክንያት ቆዳ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ መጨመሩንም ይመዘግባሉ።

የዚህ ልኬት ችግር በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ዳር ባለው ጀበል ኩጁር ተራራ ግርጌ ጎልቶ ይታያል። በፀሐይ ላይ ድንጋይ በመዶሻ የምትፈልጥ ሴት ሰዓቱን ብታስር፣ ሙቀቱና ድካሙ ብቻ ልቧን ያፈጥነዋል፤ ያልባታል። መሣሪያው ይህን ጭንቀት ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ጥቁር ቆዳ አረንጓዴ ብርሃንን ይበልጥ ስለሚመጥጥ ልኬቱ ሊዛባ ይችላል። በእንቅልፍ ሰዓት የሚወሰደው ልኬት የተሻለ ነው።

ልኬቱ ትክክል ቢሆንም ጭንቀቱን ለማከም ሐኪም ያስፈልጋል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ዘገባ መሠረት የጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል የነበረው አልጋ 12 ብቻ ነው።