ግድቡን ከማሳደግ በፊት ቦዩን መለካት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በመስኖ በሚለማ ቀበሌ ሁሉ በጋው ሲጠና የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ውኃ አንሷልና ግድቡ ከፍ ይበልልን የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የሚያነሡት በቦዩ ጫፍ ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ተራቸው በሌሊት ይደርሳል፤ ባትሪና አካፋ ይዘው ሲሄዱ ደረቅ ቦይ ያገኛሉ። ሽንኩርቱ ራስ ሳይዝ ይጠወልጋል፤ የማዳበሪያው ዕዳ ግን አይቀርም። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በቅድሚያ ልኬት ይፈልጋል።

የቆጋን ግድብ በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። በመራዊ ከተማ አጠገብ የተሠራው ይህ የአፈር ግድብ ወደ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይዞ 7 ሺህ ሄክታር ያህል እንዲያለማ የተነደፈ ነው። ውኃው በመሬቱ ላይ እኩል ቢነጠፍ ጥልቀቱ 118 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስንዴ እንደ አየሩና እንደ ወቅቱ ርዝመት ከ45 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር ውኃ ይፈልጋል። ላይ ላዩን ሲታይ ውኃው ይተርፋል። ነገር ግን በትነት የሚሄደውና ከግድቡ በር በታች የሚቀረው ሳይቆጠር እንኳ፣ ግማሹ በስርገትና በፍሳሽ ቢባክን ለሰብሉ የሚደርሰው 59 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ብክነቱ ወደ 40 በመቶ ቢወርድ 71 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል። ይህ ስሌት ለማሳያ ያህል ቢሆንም ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ አንድ አካፋ አፈር ሳይጨመርበት ግድቡ በአምስተኛ እጅ አደገ ማለት ነው።

ግድብ ማሳደግ ሲታሰብ ሦስት ነገሮች መጣራት አለባቸው። አንደኛ፣ ግድቡ በክረምት ሞልቶ በማፍሰሻው ይፈስሳል ወይ? የማይሞላን ግድብ ከፍ ማድረግ ውኃ አይጨምርም። ሁለተኛ፣ ዋናው ቦይ ተጨማሪውን ውኃ መሸከም ይችላል ወይ? ሐይቁ ሲሰፋ ቦዩ አብሮ አይሰፋም። ሦስተኛ፣ ውኃው ሽቅብ ሲተኛ የማን እርሻና የማን ግጦሽ ይወሰዳል? የታችኛው ገበሬ ጥም የሚቆረጠው በላይኛው ገበሬ መሬት ከሆነ፣ ካሣው አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ደለልም አለ። በሱዳን በዓባይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው የሮዛሪስ ግድብ ከመያዝ አቅሙ ጉልህ ክፍሉን በደለል አጥቷል፤ አፈሩም በአብዛኛው ከእኛው ደጋ የታጠበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ግድቡ በ10 ሜትር ከፍ ተደርጎ አቅሙ ከ7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ሆነ። ሆኖም በዚያው ወንዝ የሚለማው የገዚራ መስኖ ገበሬዎች ለረጅም ዓመታት የተቸገሩት ቦዮቻቸው በደለልና በአረም እየታፈኑ ነው። ስልቻው ከተቀደደ እህል ቢጨምሩበት አይሞላም።

ልኬቱ በገበሬው አቅም ሊሠራ የሚችል ነው። ቀጥ ባለ ቦይ ላይ 20 ሜትር ይለካል፤ እንጨት ተጥሎ ያንን ርቀት ስንት ሰኮንድ እንደፈጀበት ይያዛል። ፍጥነቱ በቦዩ ስፋትና በውኃው ጥልቀት ይባዛል፤ የላዩ ውኃ ከሥሩ ስለሚፈጥን ውጤቱ እንደገና በ0.8 ይባዛል። ይህ በቦዩ ራስና በቦዩ ጫፍ ሲደረግ፣ በመካከሉ ለማሳ የተከፈተው ተቀንሶ የቀረው ልዩነት ብክነት ነው። ብክነቱ ያለበት ቦታ ሲታወቅ ጠረጋውና ጥገናው ከዚያ ይጀመራል።

የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ማኅበራቱ መስኖውን እንዲያስተዳድሩና እንዲጠግኑ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷቸዋል። የውኃ አባቶችም ከጥንት ጀምሮ ተራ ሲያስከብሩ ኖረዋል። የቀረው በየቦዩ አንድ መዝገብ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላም ውኃው ካነሰ፣ ግድቡ ይደግ የሚለው ጥያቄ ማስረጃ ይዞ ይቀርባል፤ የሚሰማውም ያገኛል።

ዩኒየኑ የአባላቱን እህል ሳይመዝን አይረከብም። ውኃውም እንደ እህሉ ይመዘን።