የዋሃን የሚወርሱት ምድር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምንናገርበት ነገር የዋህነት ነው። ይህ ቃል በዕለት ንግግራችን ከክብሩ ወርዶ ይገኛል። ገበያ ወጥቶ የተታለለውን፣ ገንዘቡን አበድሮ የተካደውን ሰው «ምን ያድርግ፣ የዋህ ነው» እንላለን፤ ሞኝ ነው ማለታችን ነው። ቅዱሳት መጻሕፍት ግን በዘመኑ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ይልቅ የዋህ ብለው የመሰከሩለት ለሙሴ ነው። በፈርዖን ፊት ቆሞ ሕዝቡን እንዲለቅ የተናገረ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ በምድረ በዳ የመራ ሰው ሞኝ ነበረን? ነገር ግን እኅቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን ባሙት ጊዜ ስለ ራሱ አልተከራከረም፤ ማርያም በለምጽ በተመታች ጊዜም እንድትፈወስ ወደ እግዚአብሔር የጮኸ እርሱ ነው። እንግዲህ የዋህነት ኃይል ማጣት አይደለም፤ ያለውን ኃይል ለራስ ክብርና ለራስ ጥቅም ከማዋል መከልከል ነው።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ የዋሃን ምድርን እንደሚወርሱ ተስፋ ሰጥቷል። ይህ ተስፋ መሬት በተትረፈረፈበት አገር ሲሰበክ ለጆሮ ይጥማል፤ በከምባታ ሲሰበክ ግን ሰሚውን ያስጨንቀዋል። በዚህ አገር መሬት በእርምጃ ይለካል። አያት ለአባት፣ አባት ለልጆቹ ሲያካፍል እየጠበበ ሄዶ፣ ለብዙው ሰው የቀረችው ከቤቱ ጓሮ ያለችው የእንሰት ቦታ ናት። ስለዚህ ሰሚው በልቡ «እኔ የዋህ ብሆን ኖሮ ጎረቤቴ ወሰኔን ገፍቶ ገፍቶ በጨረሰኝ ነበር» ይላል። ይህን የሚል ሰው ከሐዲ አይደለም፤ ልጆች ያሉት ሰው ነውና መልስ ይገባዋል።

መልሱን ከይስሐቅ ታሪክ እናገኘዋለን። ፍልስጥኤማውያን የአባቱን ጉድጓዶች በአፈር ደፈኑበት። አገልጋዮቹ አዲስ ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ባገኙ ጊዜ የጌራራ እረኞች ተጣሉት፤ ሁለተኛ ቆፈረ፣ በዚያም ተጣሉት፤ ሦስተኛ ቆፈረ፣ በዚህኛው ማንም አልተከራከረውምና ስሙን ርኆቦት አለው። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል፤ ከአገራቸው ውጣ ያሉት ሰዎች ራሳቸው፣ ንጉሣቸውን አቢሜሌክን ይዘው፣ ቃል ኪዳን እንዲገባላቸው ሊለምኑት መጡ። በጉድጓዱ አፍ ላይ ቢሟገት ኖሮ ምናልባት ጉድጓዱን ያገኝ ነበር፤ ጎረቤትን ግን አያገኝም ነበር።

ነገሩን ወደ እኛ እናቅርበው። ከከምባታና ከሀድያ ብዙ ወጣቶች እንጀራ ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል። ታናሹ ሲሄድ ድርሻውን ለታላቁ አደራ ሰጥቶ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ታላቁ የወንድሙን ጓሮ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል። በሁለተኛው ዓመት በወሰኑ ላይ የነበረው ምልክት ይነቀላል፤ ማን እንደ ነቀለው አይታወቅም። በሦስተኛው ዓመት አንድ ክንድ ያህል ወደ ወንድሙ ገብቶ የእንሰት ችግኝ ይተከላል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋልና፣ ስደተኛው በተመለሰ ጊዜ ያ ችግኝ ወፍራም ግንድ ሆኖ የጥንት ድንበር መስሎ ይቆየዋል። ይህን ያደረገው ሰው ይጾማል፣ ያስቀድሳል፤ ከማንም ጋር ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም፤ ጎረቤቶቹም የዋህ ይሉታል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሁሉ ግን የዋህ አይደለም። ባለቤቱ በሌለበት ሥፍራ እጁን የሰበሰበ እርሱ የዋህ ነው፤ የዋህነትና ታማኝነት አንድ የሚሆኑትም እዚህ ላይ ነው።

ይህ እንዴት ይገኛል? እናቶቻችንና አባቶቻችን በጓሮአቸው የሚያደርጉትን እንመልከት። አዲስ የእንሰት ችግኝ ማፍላት ሲፈልጉ ተክሉን ቆርጠው፣ ሥሩን ማለት አሚቾውን አውጥተው፣ ወደ ላይ የሚያድግበትን የመሐሉን እምቡጥ ፍቀው ያወጡታል፤ ከዚያም በአፈር ይቀብሩታል። እምቡጡ ሳለ ተክሉ ብቻውን ወደ ላይ ይረዝማል እንጂ ልጅ አይሰጥም። ያ በወጣ ጊዜ ግን ከአንዱ አሚቾ ዙሪያ ብዙ ችግኝ ይበቅላል። «እኔ ልቅደም፣ እኔ ልብለጥ» የሚለው የልባችን እምቡጥም በጸሎት፣ በጾምና በንስሐ ካልወጣ በቀር ለሌላ ሰው የሚተርፍ ፍሬ ከእኛ አይወጣም። ሲወጣም ያማል፤ አያምም ብለን ልናታልላችሁ አንወድም።

ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ በወላይታ ሶዶ፣ ይህን በሕይወታቸው ያሳዩ አባት ነበሩ። አባ መልአኩ ወልደ ሚካኤል ይባላሉ። ከሰሜን አገር መጥተው በዚያ ለብዙ ዓመታት በምናኔ ኖሩ፤ ሕዝቡን አስተማሩ፤ አብያተ ክርስቲያናትንም አሳነጹ። በ1968 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆነው ተመርጠው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ዘመኑ የመከራ ዘመን ነበረ፤ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በእስር ላይ ነበሩ፤ በ1971 ዓ.ም.ም ተገደሉ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ1980 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በመንበረ ፓትርያርክ ተቀምጠው እንኳ በባዶ እግራቸው ይሄዱ፣ በጥቂት ምግብም ይኖሩ ነበር። ይህን ማንሣታችን ስለ ጫማ ለመስበክ አይደለም። በሶዶ በስውር የነበሩትን በአዲስ አበባ በአደባባይ ሆነው መገኘታቸውን ለማስታወስ ነው።

ደግሞ የተበደለው ወንድም ዝም ይበል አላልንም። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ በተመታ ጊዜ አልተበቀለም፤ ነገር ግን ስለ ምን እንደ መታው መቺውን ጠየቀው። ስለዚህ የተገፋ ሰው ሽማግሌ ቢሰበስብ፣ ያም ባይሆን ወደ ዳኛ ቢሄድ ከየዋህነት አይወጣም፤ ከየዋህነት የሚያወጣው ጥላቻውና የሐሰት ምስክሩ ነው። ጎረቤቱ ከቤተ ክርስቲያናችን ውጭ የሆነ እንደ ሆነም ፍርዱ ያው ነው። እንዲያውም እምነታችንን በትምህርታችን ሳይሆን በወሰናችን ላይ የሚያነብ እርሱ ነው።

የመስቀል በዓል ሲቃረብ ሰው ከየሄደበት ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ የተጣላም ይታረቃል። ደግ ልማድ ነው። ሆኖም ችግኙ ከተተከለበት ሳይነሣ ወንድማማቾች ተሳስመው ሥጋ ቢበሉ ዕርቁ ከበዓሉ ማግሥት አያልፍም። አደራ የያዛችሁ ሁሉ፣ የጥንቱን ወሰን የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ፣ የሄደውም ወንድማችሁ ሳይጠይቃችሁ፣ ገመድ ይዛችሁ ወደ ጓሮ ውጡ። ያቺን አንድ ክንድም ወደ ቦታዋ መልሱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።