በጽሑፍ ያለ ሁሉ ይወረሳልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ ክበብ የቀረበ ንግግር)



«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ከመካከላችን የማያውቅ የለም። አባቶቻችን ይህን ያሉት የቃል ነገር እንደ ነፋስ የሚያልፍ፤ የተጻፈ ነገር ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ መሆኑን አይተው ነው። እኛም ፊደል የቆጠርነው በዚሁ እምነት ነው። ነገር ግን የተጻፈውን የሚጠብቀው አንድ እጅ ብቻ ቢሆን፤ ያም እጅ የፈለገውን የሚፍቅና የሚደልዝ ቢሆን፤ ያን ጊዜ የሚወረሰው ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ አጥብቀው የጠየቁት ዲስቶፒያ የሚባሉት ልብ ወለዶች ናቸው። እነዚህ መጻሕፍት መጪውን ዘመን ክፉ አድርገው የሚሥሉት ትንቢት ለመናገር ሳይሆን በራሳቸው ዘመን ያዩትን ክፋት አጉልተው ለማስጠንቀቅ ነው። ዛሬ ሦስቱን መርጠን ስለ ጽሕፈትና ስለ ትዝታ የሚያስተምሩንን እንናገራለን። የምንጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል በ1949 ያሳተመው «1984» ነው። ደራሲው መጽሐፉን የጨረሰው በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ሳለ ሲሆን፤ ከታተመለት በኋላ ብዙ ሳይቆይ በጥር 1950 ዐረፈ። የታሪኩ ባለቤት ዊንስተን ስሚዝ «የእውነት ሚኒስቴር» በሚባል መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነው። ሥራው ግን እውነትን መጠበቅ አይደለም፤ የቆዩ ጋዜጦችን እያወጣ መንግሥት ዛሬ ከሚለው ጋር እንዲስማሙ አድርጎ እንደገና መጻፍ ነው። መሪው ይሆናል ያለው ነገር ሳይሆን ቢቀር አነጋገሩ ይለወጣል፤ አንድ ሰው እንዲጠፋ ቢደረግ ስሙም ከጋዜጣው ይወጣል። አሮጌው ወረቀት «የትዝታ ጉድጓድ» በሚሉት ቀዳዳ ተጥሎ ወደ እሳት ይወርዳል። እንግዲህ በዚያ አገር የጽሑፍ እጥረት የለም፤ እንዲያውም በብዛት ይጻፋል። ክፋቱ የሚጻፈው ሁሉ ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ፤ የሚያመሳክረውም የሌለ መሆኑ ነው።

ዊንስተን ይህን ለመቋቋም የተነሣው በጠመንጃ አይደለም፤ ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ በገዛው ባዶ ደብተር ነው። ነገር ግን ቀኑን ጽፎ ሊጀምር ሲል ዓመቱ በእርግጥ 1984 መሆኑን እንኳ ማረጋገጥ ይሳነዋል። በመጨረሻም ተይዞ ብዙ ከተሠቃየ በኋላ፤ በልጅነቱ ከእናቱ ጋር እየተጫወተ የሳቀበት አንድ ቀን ትዝ ሲለው፤ ያልነበረ ነገር ነው ብሎ ከልቡ ያባርረዋል። ለእኛ ከመጽሐፉ ሁሉ እጅግ አሳዛኙ ይህ ነው። ጋዜጣ ሲፍቅ የነበረው እጅ የሰውየውን ልብ እስከ መፋቅ ደረሰ።

ሁለተኛው ሩሲያዊው ዬቭጌኒ ዛምያቲን በ1920ና በ1921 የጻፈው «እኛ» የተባለው ነው። ይህ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ1924 ቢታተምም በገዛ አገሩ ግን እስከ 1988 ድረስ አልታተመም። በታሪኩ ውስጥ ሰዎች የሚጠሩት በቁጥር እንጂ በስም አይደለም። ዲ-503 የሚባለው መሐንዲስ መንግሥቱን ለማመስገን ብሎ ማስታወሻ መጻፍ ይጀምራል፤ እየጻፈ ሲሄድ ግን የራሱን ሐሳብና የራሱን ፍቅር ያገኛል። ኋላም ሐኪሞች የማሰብ ምናቡን በቀዶ ጥገና ያጠፉበታል። ደብተሩ በእጁ አለ፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ የጻፈው እርሱ ራሱ መሆኑን ይጠራጠራል። ጽሑፉ ቀረ፤ አስታዋሹ ጠፋ።

ሦስተኛው አሜሪካዊው ሬይ ብራድበሪ በ1953 ያሳተመው «ፋራናይት 451» ነው። በዚያ አገር የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተግባር እሳት ማጥፋት መሆኑ ቀርቶ መጻሕፍት ማቃጠል ሆኗል። አለቃቸው እንደሚያስረዳው ግን አስቀድሞ ማንበብ የተወው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ እሳቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሠራተኞቹ አንዱ ሞንታግ ከከተማ ሸሽቶ በባቡር ሐዲድ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎችን ያገኛል። እነዚህም እያንዳንዳቸው አንዳንድ መጽሐፍ በቃላቸው ይዘዋል። እርሱም ከመጽሐፈ መክብብ የሚያስታውሰውን ይዞ ይቀላቀላቸዋል። ዳዊት በቃላቸው የሚደግሙ አረጋውያን ላሉን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ የደራሲ ፈጠራ ነው የሚል ቢኖር፤ በእውነት የሆነውን እንጨምርለታለን። ሩሲያዊቷ ባለቅኔ አና አኽማቶቫ በስታሊን ዘመን «ሬኩዊየም» የተባለውን ግጥሟን ጽፎ ማስቀመጥ ስለሚያስገድል፤ በቁራጭ ወረቀት እየጻፈች ለወዳጇ ለሊዲያ ቹኮቭስካያ ታሳያት ነበር። ወዳጇ በቃሏ ስትይዘው ወረቀቱ ይቃጠላል። ግጥሙ በአገሯ የታተመው በ1987 ነው። በዚያው አገር የጸጥታው ሹም ቤርያ በ1953 ተሽሮ ከተገደለ በኋላ፤ ታላቁን የሶቪየት ኢንሳይክሎፒዲያ ለገዙ ሰዎች ስለ ቤርያ የሚናገረውን ገጽ በመቀስ ወይም በምላጭ ቆርጠው ስለ ቤሪንግ ባሕርና ስለ ሌላ ነገር የሚናገር ገጽ እንዲተኩበት ተላከላቸው።

በእኛ ዘመን ምላጭም አያስፈልግም። በሐምሌ 2009 አማዞን የተባለው ኩባንያ፤ ሻጩ የማሳተም መብት የሌለው ሆኖ ስላገኘው፤ የዚህኑ የ«1984»ን ኤሌክትሮኒክ ቅጂ ከገዢዎቹ ኪንድል ላይ ከሩቅ ሆኖ ሰረዘው። ገንዘባቸውን መልሶ ኋላም ይቅርታ ጠየቀ፤ ነገር ግን በመጽሐፉ ላይ ለትምህርቱ ማስታወሻ ሲይዝ የነበረ አንድ ተማሪ ድካሙ ከንቱ ሆነበት።

እንግዲህ ተረቱ ስሕተት ነው አንልም፤ የቀረ ነገር አለው እንላለን እንጂ። ትዝታ ያለ ጽሑፍ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ጽሑፍም ያለ ትዝታ ማንም እንደ ፈለገ የሚያናግረው ምስክር ይሆናል። በጽሑፍ ያለ የሚወረሰው ብዙ እጅ ሲጽፈው፤ ብዙ ቤት ሲያስቀምጠው፤ ብዙ ልብም ሲያስታውሰው ነው።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ያየነውን ቀኑን እየጠቀስን በእጃችን እንጻፍ። አያቶቻችን ሳያልፉ ጠይቀን ቃላቸውን እንመዝግብ፤ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ነገር ሁለት ዓይነት ቢነግሩንም አንዱን ሳንጥል ሁለቱንም እንያዝ። የወደድነውንም ጽሑፍ ጥቂት ጥቂቱን በቃላችን እናጥና። ይህንን የበዓል መጽሔት ከብዙ ዓመት በኋላ ገልጦ «ይህስ እንዲህ አልነበረም፤ እኔ አስታውሳለሁ» የሚል ከመካከላችን ቢነሣ አንቀየመውም። የጻፍነው በደኅና እጅ መውደቁን የምናውቀው ያን ጊዜ ነው።