ዋስ ያለው መንገደኛ
(በምሩቃን ማኅበራችን የሐረር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራሽ አንድ ነገር ንገሪን» ሲሉኝ ስለ መድኃኒት እንደማወራ ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን የማወራው ስለ ኬላ ነው። ለምን ቢባል፣ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የሚሠራ ሐኪም ኬላን ከሕክምና ለይቶ ማየት አይችልም። ከዚህ ተነሥቶ በጅግጅጋ በኩል ቶጎ ውጫሌ ለመድረስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ታካሚዎቻችንም የሚመጡት ከወዲህ ብቻ ሳይሆን ከማዶም ነው።

በሐረር ከተማ ስለ በር ማውራት ለቀባሪው ማርዳት መሆኑን አውቃለሁ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ አምስት በሮች አሉት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። በሮቹ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ግን ከተማዋ የንግድ ከተማ ናት፤ በሯን ዘግታ ብቻ መኖር አትችልም። ታዲያ ከዘይላና ከበርበራ የሚመጣው ነጋዴ እንዴት ነበር የሚታመነው?

መልሱ «አባን» ነው። አባን በሶማሌዎች ዘንድ የመንገደኛው አስተናጋጅ፣ መሪና ዋስ ነው። ክፍያውን ተቀብሎ የእንግዳውን ሕይወትና ዕቃ በኃላፊነት ይረከባል። እንግዳውን የነካ አባኑን ነካ፣ አባኑን የነካ ደግሞ ጎሳውን ነካ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንኳን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ለገባበት ጉዞ ከዘይላ ሲነሣ አባን ይዞ ነበር። እኛም ዋስ ጠርተን ሥራ የምንቀጠር፣ ዋስ ጠርተን የምንበደር ሰዎች ስለሆንን ነገሩ አይጠፋንም።

አሁን በሌላው ዓለም «የታመነ መንገደኛ» የሚባል አሠራር አለ። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ያላችሁ ወገኖቻችን ኔክሰስ የሚባለውን ካርድ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚሠራ ነው። አመልካቹን ሁለቱም አገሮች አስቀድመው ያጣሩታል፤ ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል፣ አሻራ ይሰጣል። ካርዱን ካገኘ በኋላ ድንበሩን በልዩ መስመር ቶሎ ያልፋል። አልፎ አልፎ ድንገት ይፈተሻል፤ ደንብ ከጣሰ ካርዱን ይነጠቃል። ልብ በሉ፣ ፍተሻው አልቀረም። ሰውየው በር ላይ ሳይደርስ አስቀድሞ ተሠራ እንጂ። የድሮው ዋስ አባን ነበር፤ የዛሬው ዋስ የመረጃ ቋት ነው።

እኛ ዘንድም ቶሎ የሚያልፍ አለ። የአወዳይ ጫት ጠዋት ተጭኖ በዚያው ቀን ሀርጌሳ ይደርሳል። ይጠወልጋላ! ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ፈታሹ፣ ሁሉም ጊዜው እንደማይጠብቅ ያውቃል። እንግዲህ እኔ እንደ ሐኪም የምለው፣ ሰውም ይጠወልጋል ነው።

አንዲት ከማዶ የምትመጣ የቲቢ ታካሚ ነበረችኝ። ሕክምናው ስድስት ወር እንደሆነ፣ ሲቋረጥም ጀርሙ መድኃኒቱን ሊለምድ እንደሚችል እዚህ ላለው ሰው አልነግርም። አራተኛው ወር ላይ ጠፋች። ከሳምንታት በኋላ ከስታ፣ እያሳላት መጣች። «ምነው እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብላት፣ «ዶክተር፣ እኔ አልተውኩትም፤ ወረቀት የለሽም ብለው ሁለቴ ከመንገድ መለሱኝ» አለችኝ። አክታዋን እንደገና መርምረን ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ሁላችንም ተጨንቀን ነበር። ደግነቱ መድኃኒቱን የለመደ ጀርም አልተገኘባትም። ግን በየመንገዱ አብረዋት የተሳፈሩት፣ ቤት ያሉት ልጆቿስ?

ፈታሹንም አልወቅስም። ፊቱ የቆመችውን ሴት ማን እንደሆነች የሚነግረው ነገር በእጁ የለም። ዋስ የላትም።

ሕጉ ከእኛ ቀድሞ አስቦበታል። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 እዚሁ አዲስ አበባ ያጸደቀው የሰዎች ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል በአንቀጽ 12 ስለ ድንበር አካባቢ ነዋሪዎች ይናገራል፤ አገሮች ተስማምተው ነዋሪዎቹን የሚለዩበትና ዝውውራቸውን የሚያቀሉበት መንገድ እንዲያበጁ፣ ፀጥታንና የሕዝብ ጤናን ሳይጎዱ። ያጸደቁት አገሮች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኢጋድም በ2020 ካርቱም ላይ የራሱን ፕሮቶኮል አውጥቷል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ሞያሌ ላይ የኢትዮጵያና የኬንያ የጋራ የድንበር ኬላ ተመርቋል፤ መንገደኛው በሁለት ፈንታ አንድ ቦታ ላይ ጉዳዩን እንዲጨርስ ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ዜጎቻቸው በመታወቂያ ብቻ እንዲተላለፉ ፈቅደዋል። ስለዚህ የማይቻል ነገር አይደለም።

ሆኖም ሁለት ስጋት አለኝ። አንደኛው፣ ካርዱ ፓስፖርትና ገንዘብ ላለው ብቻ እንዳይሆን ነው። በየሳምንቱ ድንበር የሚሻገረው አርብቶ አደሩ፣ ወተት ሻጯ፣ ነፍሰ ጡሯ ናት። ሁለተኛው የሙያችን ጉዳይ ነው። የታካሚ ምስጢር የኬላ መረጃ መሆን የለበትም። ሴትዮዋ ቲቢ እንዳለባት ፈታሹ ካወቀ፣ ያሳልፋታል ወይስ አብሯት የተሳፈረው ሰው ሁሉ እየሰማ ያስወርዳታል? ኤች አይ ቪ ቢሆንስ?

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ቢጫ ካርዱን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ አገር የመታውን ማኅተም ሌላው አገር ያምናል፤ የቢጫ ወባው ክትባት ምስክርነትም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ ሆኗል። በጤና መተማመን ተችሏል ማለት ነው። እንደዚያው፣ ለረጅም ጊዜ ክትትል ያለው ታካሚ የያዘው አንድ ገጽ የቀጠሮ ካርድ ይኑር፤ ስምና ፎቶ፣ የጤና ተቋሙ ማኅተምና ስልክ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ካርዱ የሚያበቃበት ቀን። በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ ይጻፍ። የበሽታው ስም አይጻፍ። ፈታሹ ከተጠራጠረ ይደውል፤ እኛም ስልኩን እናንሣ።

ይህን አንድ ሐኪም ብቻውን አያደርገውም። መምህራኖቻችን ከጤና ቢሮዎቹና ከኬላዎቹ ኃላፊዎች ጋር ቁጭ ብላችሁ እንድትመክሩበት፣ ድንበር አካባቢ የምትሠሩ ጓደኞቼም ከማዶ ያሉትን ባልደረቦቻችሁን እንድታነጋግሩ እጠይቃለሁ። በቲቢና በእርግዝና ክትትል ብንጀምር ይበቃናል። ከሻይ በኋላ ስማችሁን የምመዘግብበት ደብተር ይዤ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ሳትመዘገቡ እንዳትወጡብኝ።