ሙዚቃና ወላጅ ያጡ ስደተኞች



አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ፥ ከእልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን አግኝተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ወጣቶች በመምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የመንግሥት የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆኑ። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል የተሰማው የንጉሠ ነገሥቱ መዝሙርም ዜማው የዚሁ መምህር፥ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ምጽዋት ብቻ ተሰጥቷቸው ቢሆን ተመጽዋች ሆነው በቀሩ ነበር፤ ሙያ ስለ ተሰጣቸው ግን አገር አከበራቸው።

ዛሬም ከሩቅ አገር መጥቶ በአሰላ የሚኖር ባይተዋር ልጅ አለ። እናንተ የአርሲ ደጋ ሰዎች ሆይ፥ ማሲንቆና ክራር አስተምሩት፤ የአካባቢውን ዘፈን ከአረጋውያን ይማር፤ የእናቱንም ዜማ አታስረሱት። ክራራችሁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይዋል።