የእናት ስም በልጅ ወረቀት ላይ

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ «አባቷ ሃንጋሪያዊ ሆኖ ልጅሽ እስከ ዛሬ የሃንጋሪ ፓስፖርት ያልያዘችው ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። ዛሬ ከቁጠባና ከብድር ሂሳባችን ወጣ ብዬ ይህንኑ ልንገራችሁ።

በሃንጋሪ ሕግ ዜግነት የሚገኘው በትውልድ ነው። ከወላጆቿ አንዱ ሃንጋሪያዊ የሆነ ልጅ፣ የትም ትወለድ፣ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ዜጋ ናት። ይህን ስሰማ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ገንዘብ ካዝና ውስጥ ቢኖርም ደረሰኝ ከሌለው መዝገብ ላይ እንደማይሰፍር እኔ ልረሳው አይገባኝም ነበር። ልደቷ መጀመሪያ በሃንጋሪ መዝገብ መግባት አለበት፤ ለዚያም የእሷ የልደት፣ የእኛም የጋብቻ ምስክር ወረቀት ተረጋግጦና ተተርጉሞ ይቀርባል።

ችግሩ የመጣው ከእኔ ስም ነው። በሃንጋሪ መታወቂያ ላይ የእናት ስም፣ ያውም ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ ይጻፋል። ቅጽ በተሞላ ቁጥር የሚጠየቀውም እሱ ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚለየው በአባቱና በአያቱ ስም ስለሆነ የእናትን ስም አጻጻፍ ማን ልብ ይለዋል? የአባቴ ስም መሐሉ ላይ ይጠብቃል። ፓስፖርቴ ላይ ያቺ የላቲን ፊደል ሁለት ጊዜ፣ ጋብቻው ላይ አንድ ጊዜ ተጽፋለች። የልጄ ልደት ላይ ደግሞ የአያቴ ስም ጭራሽ የለም። በአማርኛ ሲነበብ ሁሉም እኔው ነኝ፤ ሲተረጎም ግን ሦስት እናት ሆንኩ። አራት ወር ተመላለስኩ፣ የትርጉሙንም ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። አንድ ጸሐፊማ «አንዲት ፊደል ምን አላት?» ብሎ ሳቀብኝ። በአንድ ሳንቲም ልዩነት ሌሊቱን ስታድር ለከረመች ሂሳብ ሠራተኛ!

የሚገርመው፣ የእናት ስም እንዲህ የሚፈለግበት አገር እናት ዜግነቷን ለልጇ እንድታወርስ የፈቀደው ዘግይቶ ነው። በ1879 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ የውጭ ሰው ያገባች ሃንጋሪያዊት ዜግነቷን ታጣ ነበር። እናት ከአባት እኩል የሆነችው ከጥቅምት 1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ከሃንጋሪያዊት እናትና ከውጭ ዜጋ አባት ተወልደው ዜግነቱ የቀረባቸው ሰዎች ዛሬ በጽሑፍ አሳውቀው ሊያገኙት ይችላሉ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አያት ቅድመ አያቱ ሃንጋሪያዊ የነበረ ሰው ቋንቋውን ካወቀ በቀላሉ ማመልከት ይችላል። «በቀላሉ» የሚለው ስለ ቋንቋው አይደለም፤ እኔ ስምንት ዓመት ሞክሬ ከአማቴ ጋር ገና በእጅ ምልክት ነው የምንግባባው።

በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 መሠረት ኢትዮጵያዊት የውጭ ዜጋ በማግባቷ ብቻ ዜግነቷን አታጣም፤ ይህ ለእኔ በቂ ነው። የልጄ ነገር ግን ይለያል። ሃንጋሪ ጥምር ዜግነት ትፈቅዳለች፣ አገራችን አትፈቅድም። በ1996 ዓ.ም. የዜግነት አዋጅ መሠረት እንደ እሷ ያለች ልጅ ለአካለ መጠን በደረሰች በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትታ ኢትዮጵያዊነቷን መምረጧን ካላሳወቀች፣ ኢትዮጵያዊነቷን እንደተወች ይቆጠራል። ያኔ የሚቀርላት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፤ ያለ ቪዛ ያስገባታል እንጂ ምርጫ አያስመርጣትም። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ እኔ ቤት ስትመጣ እንግዳ ልትባል ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጄ ገና ሰባት ዓመቷ ነው።

ባለፈው ወር የሃንጋሪው የልደት ወረቀቷ ደረሰ። ስሜ ከነሁለቱ ፊደላት ሰፍሮበታል፤ የፓስፖርቱን ማመልከቻም አስገብተናል። ከእናንተ መካከል ልጆቻችሁ ወይም እናንተ ራሳችሁ ወደ ውጭ የምታስቡ ካላችሁ፣ ፓስፖርት፣ ልደትና ጋብቻችሁን ይዛችሁ ቅዳሜ ከቁጠባ ክፍያው በኋላ ቆዩ። ፊደል በፊደል አብረን እናመሳክራለን። እትዬዎች፣ መነጽራችሁን እንዳትረሱ።