የሕዝብ ቆጠራና የምክር ቤት ወንበር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ምርጫ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በድምፅ አሰጣጡና በድምፅ ቆጠራው ላይ ነው። ሣጥኑ በአግባቡ ታሽጎ ነበርን? ታዛቢዎች ተገኝተው ነበርን? መዝገቡስ ከውጤቱ ጋር ይስማማልን? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ መሆናቸው አያጠራጥርም። ሆኖም ከድምፅ ቆጠራ አስቀድሞ መከናወን የሚገባው ሌላ ቆጠራ አለ፤ እርሱም የሰው ቆጠራ ነው።

የላይኛው ምክር ቤት በልዩ ልዩ አገሮች መሳፍንትን፣ ጠቅላይ ግዛቶችን ወይም ብሔረሰቦችን ሊወክል ይችላል። የታችኛው ምክር ቤት ግን የተመሠረተው በአንድ አሳብ ላይ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ሰው እንደ ሌላው ሰው ሁሉ አንድ ሆኖ ይቆጠራል የሚል ነው። ስለዚህ የሕዝቡ ብዛትና አሰፋፈር በትክክል ካልታወቀ፣ ድምፁ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢቆጠር፣ የወንበሩ ክፍፍል ግምት ሆኖ ይቀራል። የወንዙን ፍሰት ሳይለካ የግድቡን ከፍታ የሚወስን መሐንዲስ የለም። የዚህ ንግግር ዓላማም የኢትዮጵያን የታችኛውን ምክር ቤት ታሪክ ከዚህ አንጻር መመልከት ነው።

ቆጠራ ያልነበረው ምክር ቤት

በ1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቁሟል፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። የታችኛው፣ ማለትም የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ በመኳንንቱና በየአካባቢው ሹማምንት እንዲመረጡ ተደንግጎ ነበር። የሕዝብ ብዛት በዚያ ጊዜ ለወንበር ክፍፍል መለኪያ አልነበረም።

መለኪያው የመጣው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አገሩ በሙሉ እያንዳንዳቸው በተቻለ መጠን 200,000 ያህል ነዋሪ ባላቸው የምርጫ ክልሎች እንዲከፈል፣ እያንዳንዱም ክልል ሁለት እንደራሴዎችን እንዲልክ ተወሰነ። ነዋሪው ከ30,000 የሚበልጥ ከተማ ተጨማሪ አንድ እንደራሴ፣ ከዚያ በላይ ለሚኖረው ለእያንዳንዱ 50,000 ሰው ደግሞ ሌላ አንድ እንደራሴ እንዲኖረው ተፈቀደ። የምርጫ ክልሉ ቅርጽ እንኳ ሁኔታው በፈቀደ መጠን የተስተካከለ እንዲሆን ታዟል። ድንጋጌው በቀያሽ እጅ የተጻፈ ይመስላል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ አኃዝ በሕግ ሲጻፍ፣ በኢትዮጵያ ውስጥ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ አንድ ጊዜም አልተካሄደም ነበር። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት እንኳ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በ1949/50 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ሲደረግ 210 እንደራሴዎች ተመርጠዋል፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ከተመራጮቹ አንዷ ነበሩ። ቀጥሎም በ1953፣ በ1957፣ በ1961ና በ1965 ዓ.ም. ምርጫ ተካሂዷል። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት እንግዲህ አምስት ጊዜ የተመረጠው የመራጩ ሕዝብ ቁጥር በግምት ብቻ በሚታወቅበት ዘመን ነው።

ግምቱ በጠቅላላ ድምሩ ከእውነቱ ሊቀራረብ ይችል ይሆናል። ለወንበር ክፍፍል የሚያስፈልገው ግን ጠቅላላው ድምር ብቻ ሳይሆን በየስፍራው ያለው ብዛት ነው። የአንዱ አውራጃ ግምት በሩብ ከፍ፣ የሌላው በሩብ ዝቅ ቢል፣ ድምሩ ሳይለወጥ ፍትሑ ይለወጣል። ለዕጩነት በምርጫ ክልሉ ነዋሪና ባለ ንብረት መሆን ያስፈልግ የነበረ መሆኑ፣ የፖለቲካ ድርጅትም ያልተፈቀደ መሆኑ በዚያ ምክር ቤት ላይ ብዙ ጊዜ የተነገሩ ጉድለቶች ናቸው። የቆጠራው አለመኖር ግን እምብዛም አይጠቀስም።

ከመጀመሪያው ቆጠራ ወዲህ

ምክር ቤቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ተበተነ። የአገሪቱ የመጀመሪያ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው ከዚያ በኋላ፣ በግንቦት ወር 1976 ዓ.ም. ነው። በጦርነቱ ምክንያት በአንዳንድ የሰሜን ገጠሮች አኃዙ በግምት መሞላቱ ባይቀርም፣ ውጤቱ 42.6 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ቀደም ሲል ከነበሩት ግምቶች በብዙ በልጦ ተገኘ። በ1979 ዓ.ም. የተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት የነበሩት ባለ አንድ ምክር ቤት እንደ ነበረ ይታወሳል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት እንደገና ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትንና የፌዴሬሽን ምክር ቤትን። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ለ5 ዓመት ይመረጣሉ፤ በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎች መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ የአባላቱ ቁጥር ከ550 አይበልጥም፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 20ው ወንበር አናሳ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የተጠበቀ ነው። ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድና የምርጫ ክልሎች ወሰን በቆጠራው ውጤት ላይ ተመሥርቶ እንዲወሰን አዟል። ወንበርና ቆጠራ በግልጽ በሕግ የተሳሰሩት በዚህ ድንጋጌ ነው።

ሁለተኛው ቆጠራ በ1987፣ ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም. ተካሄደ። አራተኛው በ2010 ዓ.ም. እንዲሆን ታቅዶ፣ ቆጣሪዎች የሚይዟቸው የእጅ ኮምፒውተሮች ሳይቀሩ ተገዝተው ሳለ፣ ሥራው ተላለፈ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በጸጥታና በሕዝብ መፈናቀል ምክንያት እንደገና ተላለፈ። በመሆኑም የ2013ቱ ጠቅላላ ምርጫ የተካሄደው ከ14 ዓመት በፊት የተደረገውን ቆጠራ የሚተካ አዲስ ቆጠራ ሳይኖር ነው።

የአንድ ወንበር ክብደት

የዚህን ትርጉም ለመረዳት ተራ የማካፈል ስሌት በቂ ነው። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ወንበሮቹ 547 ነበሩ። በ1987ቱ ቆጠራ የተገኘው 53.5 ሚሊዮን ሕዝብ ለ547 ሲካፈል ለአንድ ወንበር 98,000 ያህል ሰው ይደርሳል። በ1999ኙ ቆጠራ የተገኘው ከ73 ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብ ለዚያው ቁጥር ሲካፈል ደግሞ ለአንድ ወንበር 135,000 ያህል ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ከ100 ሚሊዮን በላይ መድረሱ በሰፊው የሚታመን ሲሆን፣ የ550 ጣሪያ ስላለ ወንበሩ አብሮ ሊጨምር አይችልም። የተወካዩ ሸክም ከዓመት ወደ ዓመት ይከብዳል ማለት ነው።

ሸክሙ ለሁሉም እኩል ቢከብድ ኖሮ ችግሩ ቀላል በሆነ ነበር። እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። አዲስ አበባና የሶማሌ ክልል በምክር ቤቱ እኩል 23 ወንበር ነበራቸው። በ1999ኙ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ገደማ፣ የሶማሌ ክልል ሕዝብ ደግሞ 4.4 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ በአዲስ አበባ አንድ ወንበር የ119,000 ሰው ሲሆን፣ በሶማሌ ክልል የ193,000 ሰው ነበር። የከተማ ሰው በምክር ቤት በቂ ወንበር የለውም የሚለው የተለመደ አነጋገር በቆጠራው አኃዝ እንደማይደገፍ ከዚህ ይታያል። ወንበሩ ያነሰው መንደሩን ተከትሎ ለማግኘት ለሚያስቸግረው ለአርብቶ አደሩ ነው። በ1987ቱ ቆጠራ ጊዜም በሶማሌና በአፋር የተካሄደው ቆጠራ ከሌላው አገር ዘግይቶ እንደ ነበር አይዘነጋም።

በዚህ ላይ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት የወሰኑን መስመር የበለጠ ወሳኝ ያደርገዋል። በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ በጥቂት ድምፅ የተሸነፈና በብዙ ድምፅ የተሸነፈ እኩል ባዶ እጁን ይመለሳል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የአዲስ አበባን 23 ወንበሮች በሙሉ አንድ ተቃዋሚ ድርጅት አገኘ፤ በ2002 ዓ.ም. ከ23ቱ 22ቱን ገዥው ድርጅት አገኘ። ወንበር በእንዲህ ያለ ሁኔታ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር ሲሆን፣ አንድ ቀበሌ ከመስመሩ ወዲህ ወይም ወዲያ መዋሉ ውጤት ሊለውጥ ይችላል። መስመሩ ደግሞ ሊታመን የሚችለው የቆመበት ቁጥር ሲታመን ብቻ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1832 የምርጫ ሕግ ማሻሻያ በፊት፣ ኦልድ ሳረም የተባለ ሰው አልባ ለመሆን ጥቂት የቀረው ጥንታዊ ስፍራ ሁለት እንደራሴ ሲልክ፣ የፋብሪካ ከተማ የሆነችው ማንችስተር የራሷ እንደራሴ አልነበራትም። በአሜሪካም ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. ከ1920 ቆጠራ በኋላ ወንበሮቹን እንደገና ሳያከፋፍል ዐሥር ዓመት ሙሉ ቆየ፤ ምክንያቱም ሕዝቡ ወደ ከተማ በመፍለሱ ወንበር የሚያጡት አካባቢዎች አልተስማሙም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 ጉዳዩን ሲመለከት፣ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት አንዱ የምርጫ ክልል ከ823,000 በላይ፣ ሌላው 272,000 ያህል ሕዝብ ይዞ ተገኝቷል። ፍርድ ቤቱም የምርጫ ክልሎች በተቻለ መጠን በሕዝብ ብዛት እኩል እንዲሆኑ ወሰነ።

ለኢትዮጵያ ይበልጥ አስተማሪ የሚሆነው ግን ሕንድ ነው። ሕንድ ቆጠራዋን በየዐሥር ዓመቱ ስታካሂድ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የታችኛው ምክር ቤቷ፣ የሎክ ሳብሃ፣ ወንበር በየክፍለ ግዛቱ የሚከፋፈልበትን ቀመር ሆን ብላ በ1971 ቆጠራ ላይ አቆመችው። ምክንያቱ የቤተሰብ ምጣኔን በሥራ ላይ ያዋሉት ክፍለ ግዛቶች ሕዝባቸው ስላልበዛ ወንበር አጥተው እንዳይቀጡ ነበር። እገዳው እ.ኤ.አ. በ2001 ከ2026 በኋላ እስከሚደረገው የመጀመሪያ ቆጠራ ድረስ ተራዘመ። በ2011ዱ የሕንድ ቆጠራ መሠረት በኬረላ አንድ ወንበር 1.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ሲወክል፣ በራጃስታን 2.7 ሚሊዮን ያህል ይወክላል። ሕንድ ቁጥሩን አውቃ፣ ምክንያቷን ተናግራ፣ በሕግ አቆመችው። ሳይቆጥሩ መቆየት ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ በዚያ ጊዜ ልዩነቱ መኖሩ እንጂ ስፋቱ አይታወቅምና።

መዘግየቱ ስለ ምን?

ቆጠራ የሚዘገየው በገንዘብና በመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም። ቁጥር ወንበርን ብቻ ሳይሆን የበጀት ድጎማንም ስለሚወስን፣ እያንዳንዱ አካባቢ ብዙ ሆኖ ለመገኘት ይፈልጋል፤ ያነሰ ሆኖ የተገኘም ቆጠራውን ይጠራጠራል። የ1999ኙ ቆጠራ ውጤት ለምክር ቤት ሲቀርብ የአማራ ክልል አኃዝ ከተተነበየው በእጅጉ ዝቅ ብሎ በመገኘቱ የተነሣው ጥያቄ ለዚህ ምስክር ነው። ቤት ንብረቱን ጥሎ የተፈናቀለ ሰው የት ይቆጠር? በተወለደበት ወይስ በተጠለለበት? ይህም ቀላል ጥያቄ አይደለም።

እነዚህ ምክንያቶች እውነተኛ ናቸው። ነገር ግን በእነርሱ ሰበብ ቆጠራው በዘገየ ቁጥር ጥርጣሬው አይቀንስም። አሮጌው ቁጥር ለማንም አይበጅም፤ ተጎዳሁ የሚለው የጉዳቱን ልክ ማሳየት አይችልም፤ ተጠቀመ የሚባለውም ራሱን ነጻ ማውጣት አይችልም።

የባለሙያው ድርሻ

የወንበር ክፍፍል በመጨረሻ የፖለቲካ ውሳኔ ነው፤ ባለሙያ ሊወስነው አይገባም። ከውሳኔው በፊት ያለው ሥራ ግን በአብዛኛው የሙያ ሥራ ነው። የቆጠራ ቦታዎችን ካርታ ማንሣት፣ የቆጠራውን መሣሪያ መመርመር፣ ከቆጠራው በኋላ በናሙና ድጋሚ ቆጥሮ የስሕተቱን መጠን መለካት የመሐንዲሱ፣ የቀያሹና የስታቲስቲክስ ባለሙያው ግዴታ ነው።

ከዚህም ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የስሕተቱ መጠን ከቆጠራው ውጤት ጋር አብሮ ሊታተም ይገባዋል፤ ስሕተቱ ያልተገለጸ ልኬት በየትኛውም የሙያ ዘርፍ ተቀባይነት የለውም። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ካርታና የነዋሪው ቁጥር ጎን ለጎን ሆኖ ማንም ዜጋ ሊያየው በሚችልበት ሁኔታ መቅረብ አለበት። ሦስተኛ፣ በምርጫ ክልሎች መካከል ሊፈቀድ የሚችለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ በሕግ ሊወሰን ይገባል፤ ለአናሳ ብሔረሰቦች የተጠበቀው ወንበር ከዚህ ልክ ውጭ የሚሆንበት ምክንያትም በግልጽ ይጻፍ። ገደቡ ከቆጠራው በኋላ ቢወጣ ለእገሌ ተብሎ የወጣ ይመስላል፤ በፊት ቢወጣ ግን ማን እንደሚጠቀምበት ማንም አያውቅም።

የተከበራችሁ አባላት፤

በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት ሰዎች 200,000 የሚለውን አኃዝ ሲጽፉ ቆጠራ በእጃቸው አልነበረም። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ግን ሦስት ጊዜ ቆጥሯል፤ የቆጠራውን ዘዴም ተምሯል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚለው ስም የሚጸናው በድምፅ መስጫው ቀን ብቻ አይደለም፤ በደጋና በቆላ፣ በከተማና በአርብቶ አደሩ መንደር እያንዳንዱ ሰው አንድ ተብሎ በተቆጠረበት ቀንም ጭምር ነው።